ብረት በባዶ እጅ አይነካም

ዛሬ ኮምቦልቻ፣ ጎሚስታ ቤት በረንዳ ላይ ዝናብ አስጠልሎን ቆመናል። ከጅቡቲ የመጣ ተሳቢ ጎማ ሊያስነፋ ገባ። ሹፌሩ ወርዶ ጎማውን አየና ወደ ጋቢናው ሊመለስ ሲል፣ ከኪሱ ጨርቅ አውጥቶ የበሩን እጀታ በሱ ጠቅልሎ ያዘ። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ እየወረደ! እጀታው ውኃ ያንጠባጥባል።

የጎሚስታው ልጅ ሳቀ። «ጋሼ፣ መኪናዋ ትነዝራለች እንዴ?»

ሰውየው ጨርቁን አይቶ እሱም ሳቀ። «ልማድ ሆኖብኝ ነው ልጄ። እዚያ ብረት በባዶ እጅ አይነካም።»

እኛ ሐምሌን በጋቢ እና በቡና ስንገፋ፣ ጅቡቲ ከ40 ዲግሪ በላይ ይነዳል። ከምዕራብ ኻምሲን የሚሉት ደረቅ ንፋስ አሸዋ ይዞ ይመጣል። ባሕሩ ያቀዘቅዛል እንዳትሉ፤ ውኃው ራሱ 30 ዲግሪ ገደማ ስለሚደርስ ሌሊቱም ወበቅ ነው። ወጣ ብሎ ዓረብ ባሕር ላይ ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚነፍሰው ኃይለኛ ንፋስ ማዕበል ያስነሳል። መርከብም ፍጥነቱን ይቀንሳል።

የሚገርመኝ፣ ወቅቱ አንድ ነው። እርጥብ አየር ደጋችን ላይ ዝናቡን ያራግፋል፤ ተራራውን ተሻግሮ ወደ አፋር ቆላ ሲወርድ ግን ይደርቃል፣ ይግላል።

ማዳበሪያውም የሚመጣው በዚሁ ሙቀት ውስጥ አልፎ ነው። ሲዘገይ «ሹፌሩ ጫት ላይ ተጎልቶ ነው» የሚል አይጠፋም። አንዳንዴ እውነት ነው፣ አልዋሽም። ግን በዚያ ሐሩር ወደብ ላይ ወረፋ የሚጠብቅም ሰው አለ።