ዋናው ሥራ በሩ ላይ ነው፦ በጅማ ክሊኒካችን የአልትራቫዮሌት መብራት አጠቃቀም

ጅማ በክረምት ፀሐይ ትነፍጋለች። ዝናቡ ሲበረታ ፍራሽ ግቢ አውጥቶ ማናፈስ አይታሰብም፤ የተወለወለው ወለልም ቶሎ አይደርቅም። የክሊኒካችን ባለቤቶች በጨረር ጀርም የሚገድል ባለ ጎማ የአልትራቫዮሌት መብራት ሲገዙ፣ ኢንፌክሽን የመከላከሉን ሥራ የማስተባብረው ነርሷ እኔ ስለሆንኩ ኃላፊነቱ ለእኔ ተሰጠ። መሣሪያው ረጃጅም አምፖሎች ዙሪያውን የተተከሉበት ምሰሶ ነው፤ ከክፍል ወደ ክፍል እየተገፋ ይሄዳል። ማብራቱን ማንም በቀላሉ ይማራል። እኔን ያስጨነቀኝ ሲበራ ማን ሊገባ ይችላል የሚለው ነበር።

ከአምፖሎቹ የሚወጣው የሞገድ ርዝመቱ 254 ናኖሜትር ገደማ የሆነ፣ ዩቪ-ሲ የሚባለው ጨረር ነው። የጀርሙን ዲኤንኤ፣ ማለትም የዘር መረጃውን የያዘውን ክፍል፣ ስለሚጎዳው ጀርሙ መራባት ያቅተዋል። ከፀሐይ የሚነሣውን ዩቪ-ሲ ከባቢ አየር ከላይ ስለሚያስቀረው ዓይናችንም ቆዳችንም ለምደውት አያውቁም። በዓለም አቀፍ የጨረር ደኅንነት መመሪያ ለዚህ ሞገድ በ8 ሰዓት ውስጥ የተፈቀደው መጠን በካሬ ሴንቲሜትር 6 ሚሊጁል (የጨረር ጉልበት መለኪያ) ነው። በካሬ ሴንቲሜትር 0.1 ሚሊዋት፣ ማለትም በየሰከንዱ 0.1 ሚሊጁል፣ በሚያርፍበት ቦታ የቆመ ሰው ይህን የቀን ድርሻ በአንድ ደቂቃ ይጨርሰዋል። በዚያች ደቂቃ ምንም አይሰማውም። ከሰዓታት በኋላ ግን ዓይኑ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁረዋል፣ እንባው ይፈስሳል፣ ቆዳው ይቀላል። ሲያመው የሚሸሸው ነገር ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተጨነቅኩ።

ስለዚህ ከበሩ ጀመርኩ። በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ፣ ማንበብ ለማይችሉም ሥዕል ያለበት ማስጠንቀቂያ በሩ ላይ እንዲሰቀል አደረግኩ። ጽሑፍ ብቻውን እንደማይበቃ የነገሩኝ ደግሞ ክሊኒኩን ለዓመታት ያጸዱት እናት ናቸው። «ሲስተር፣ አስታማሚ ሲቸኩል ወረቀት አያነብም። ቁልፉ አንቺ ኪስ ይግባ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ክፍሉን የሚቆልፈው፣ መብራቱን የሚያበራውና ቁልፉን የሚይዘው አንድ ሰው ነው። ከመቆለፉ በፊት መጸዳጃ ቤቱን፣ ከመጋረጃ ኋላና ከአልጋ ሥር ያያል፤ «ሰው አለ?» ብሎም ጮክ ብሎ ይጠራል። መሣሪያው እንቅስቃሴ ሲያይ የሚያጠፋ ሴንሰር አለው፤ ይሁንና እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን አይንቀሳቀስም። ሴንሰሩን የመጨረሻ መከላከያ አድርጌ እንጂ የመጀመሪያ አድርጌ አላየውም።

የበሩን ዙሪያም መረመርኩ። ተራ የመስኮት መስታወት ይህን ጨረር ስለማያሳልፍ የተዘጋ መስኮት አያሰጋም። የሚያሰጋው ክፍተት ነው። እንደ ብዙ አሮጌ ቤቶች ሁሉ የእኛም አንዳንድ በሮች ከላያቸው መስታወት የሌለው የአየር መግቢያ ነበራቸው። አናጺ ጠርተን በጣውላ አስደፈንነው።

ሌላው ጉዳይ የኤሌክትሪክ ኃይል መቋረጥ ነው፤ ይህን በውጭ ቋንቋ ከተጻፈው መመሪያ ውስጥ አላገኘሁትም። የመሣሪያችን ሰዓት ቆጣሪ በእጅ የሚዞር ነው። ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ ማንም ሳይነካው አምፖሎቹ ይበራሉ። መብራት ጠፋ ብሎ ክፍሉን የከፈተ ሰው ውስጥ እያለ ኃይሉ ቢመለስ ምን እንደሚሆን ማሰብ ቀላል ነው። ስለዚህ መሣሪያው የሚሰካው በተዘረጋ ገመድ ከበሩ ውጭ ባለ ሶኬት ነው። ኃይል በተቋረጠ ቅጽበት ከውጭ ይነቀላል፤ ሳይነቀል በሩ አይከፈትም። ኃይሉ ሲመለስ ጊዜው ከዜሮ ይቆጠራል፤ የቀረውን ብቻ ማሟላት የሚባል ነገር የለም።

ጀርም መግደሉን በተመለከተ ደግሞ መብራቱ ከጽዳት በኋላ የሚመጣ እንጂ ጽዳትን የሚተካ አይደለም። ደም፣ አክታ ወይም አቧራ ከሥሩ ያለውን ጀርም ይጋርደዋል። መጀመሪያ በሳሙና ይታጠባል፤ ቀጥሎ 0.5 በመቶ በሆነ የክሎሪን ውህድ፣ ማለትም 5 በመቶ የሆነውን በረኪና አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጠን፣ እንወለውላለን። ጨረሩ ቀጥታ ብቻ ስለሚሄድም ጥላ ያረፈበት ቦታ ሳይነካ ይቀራል። ይህን በዓይኔ ያየሁት ጨረር ሲያርፍባቸው ቀለም በሚቀይሩ ካርዶች ነው። መብራቱ ፊት ለፊት ያለው የአልጋ ብረት ላይ የለጠፍኩት በደንብ ተቀየረ። የዚያው ብረት ጀርባ ላይ ያለው ምንም አልሆነም፤ ከኮመዲኖው ሥር ያለውም እንዲሁ። ርቀትም ይፈርዳል፦ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የጨረሩ ኃይል ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ አልጋውን ከግድግዳ እናርቃለን፣ መሳቢያዎችን እንከፍታለን፣ መሣሪያውንም ከአልጋው አንድ ወገን አብርተን ካጠፋን በኋላ ወደ ሌላው ወገን አዙረን እንደገና እናበራለን። ጊዜ ይወስዳል። ተረኛው ሐኪም አልጋ ሲጠይቅ ሁለተኛውን ዙር መዝለል ያጓጓል፤ እኔ ግን አልፈቅድም፤ ቀጥሎ የሚተኛው በሽተኛ የሚነካው ያንኑ የብረቱን ጀርባ ነውና።

አምፖሉ ሰማያዊ ሆኖ ስለበራ ብቻ ጀርም ይገድላል ማለት አይደለም። የምናየው ሰማያዊ ብርሃን ጀርም የሚገድለው ጨረር አይደለም፤ ጨረሩ ሲዳከምም ሰማያዊነቱ እንዳለ ይቆያል። የበራበትን ሰዓት በመዝገብ የምናሰፍረው፣ አምራቹ የወሰነው ሰዓት ሲሞላም አምፖሉን የምንቀይረው ለዚህ ነው። አቧራውን በአልኮል በራሰ ጨርቅ የምንጠርገው ከሶኬት ነቅለን፣ አምፖሉ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ በጓንት ነው። አምፖሉ ውስጥ ሜርኩሪ አለ፤ ቢሰበር ሰው ይወጣል፣ መስኮት ይከፈታል፣ ስብርባሪው በመጥረጊያ ሳይበተን በጓንትና በወፍራም ወረቀት ተለቅሞ ክዳን ባለው ዕቃ ይታሸጋል። ወረቀቱ፣ ጓንቱና ክዳን ያለው ዕቃ በአንድ ካርቶን ሆነው ከመሣሪያው ጎን ተቀምጠዋል፤ የጽዳት ሠራተኞቹም ካርቶኑ የት እንዳለ ያውቃሉ።