ዛፍ ማንንም አያስቀይምም

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ደብሮኛል። ምክንያቱን አትጠይቁኝ፤ እኔም አላውቀውም። መ. ደወለች። ልታጽናናኝ መሰለኝ፣ «ፖለቲካውን ተይውና ስለ ዛፍ ጻፊ፤ ዛፍ እንደሆነ ማንንም አያስቀይምም» አለችኝ። እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

ማንንም አያስቀይምም? ዛፍ በማስተከል የምትታወቀው ኬንያዊት ዋንጋሪ ማታይ ይህን ብትሰማ ትስቅ ነበር። በ1989 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) የኬንያ ገዢዎች ናይሮቢ መሃል ኡሁሩ ፓርክ ውስጥ ባለ 60 ፎቅ ሕንፃ ሊገትሩ ተነሱ። እሷ ያደረገችው ደብዳቤ መጻፍ ነው። ለመሥሪያ ቤቱ፣ ለጋዜጣው፣ ለውጭ ሰዎች ሁሉ ጻፈች። ፓርላማ ውስጥ ከባሏ የተፋታች ሴት እያሉ ተሳለቁባት። ሕንፃው ግን ቀረ።

በ1992 ደግሞ የፖለቲካ እስረኞች እናቶች «ልጆቻችን ይፈቱ» ብለው የረሃብ አድማ መቱ። የተቀመጡት እዚያው ፓርክ ውስጥ ነው፤ ዋንጋሪም አብራቸው ነበረች። ፖሊስ ሲመጣባቸው አንዳንዶቹ እናቶች ልብሳቸውን አውልቀው ቆሙ። በነሱ ባህል እናት በልጇ ዕድሜ ላለ ሰው ራቁቷን ከታየች እርግማን ነው። ዋንጋሪን ግን ራሷን እስክትስት ደበደቧት። ያ ፎቅ ተሠርቶ ቢሆን እናቶቹ የት ይቀመጡ ነበር?

ሶቪየት ኅብረት የነበረው ደግሞ ይብሳል። ስለ ፓርቲው ትንፍሽ ማለት አይታሰብም፤ ስለ ወንዝ ግን ትንሽ ትንሽ ይቻል ነበር። ወንዝ ምን ያመጣል ብለው ነዋ! በ1986 ሁለት የላትቪያ ሰዎች ዳውጋቫ ወንዝ ላይ የታሰበውን ግድብ የሚቃወም ጽሑፍ ጋዜጣ ላይ አወጡ። ወደ 30,000 የሚጠጋ ሰው ተቃውሞውን በፊርማው ደገፈ። በዓመቱ ግድቡ ተሰረዘ። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ዳይኒስ ኢቫንስ በ1988 ለነፃነት የታገለው የሕዝብ ግንባር ሊቀ መንበር ሆነ።

እኔን የያዘኝ ፊርማው ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ እያንዳንዱ ሰው የተናደድኩት እኔ ብቻ ነኝ ብሎ ቤቱ ተቀምጧል። ወረቀቱ ሲዞር ከሱ በላይ የጎረቤቱን ስም ያያል። «ለካ እሱም!» ከዚያ ጥያቄው ይከተላል፤ ግድቡን ማን ፈቀደ? ማንን አስፈቅዶ? ይሄ ጥያቄ ደግሞ አንዴ ከተጀመረ ወንዝ ዳር አይቆምም። ሀንጋሪዎችም በ1988 የዳኑብ ወንዝን ግድብ ሲቃወሙ ሰልፍ የወጡት ፓርላማው ፊት ለፊት ነበር።

ሁሌ እንዲህ አያምርም። ናይጄሪያዊው ጸሐፊ ኬን ሳሮ ዊዋ ነዳጅ የወገኖቹን የኦጎኒዎችን መሬት አበላሸ ብሎ ተነሳ፤ ኖቬምበር 10 ቀን 1995 የናይጄሪያ ወታደራዊ መንግሥት ከስምንት ጓዶቹ ጋር ሰቀለው።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ምሥራቅ አውሮፓ ነፃነቱ ሲመጣ ብዙዎቹ የአረንጓዴ እንቅስቃሴዎች ቀዘቀዙ። ያ ሁሉ ሰልፈኛ ወዴት ገባ? ወንዙ ሰበብ ብቻ ነበር ማለት ነው? ወይስ ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር አጥብቆ መውደድ ያቅተዋል? ሰበብም ቢሆን ወንዙ ተርፏል፤ ለዓሣው ምን ገዶት።

እኔማ ራሴን አውቃለሁ። ያ ወረቀት እኔ ጋ ቢመጣ «ነገ አየዋለሁ» እል ነበር። ሌላው ሁሉ መፈረሙን ካረጋገጥኩ በኋላ፣ ምናልባት 29,000ኛ ላይ፣ በማይነበብ ጽሑፍ። መጀመሪያ የፈረመው ሰውዬ ግን፣ ከሱ በላይ ባዶ ወረቀት እያየ፣ ምን አስቦ ይሆን?