«ይኼ ቱቦ ባዶ ነው?»

ታኅሣሥ 2017 የአዋሽ ፈንታሌ መንቀጥቀጥ አገሩን ሁሉ ሲያነጋግር፣ ኮምቦልቻ ያለ አንድ ፋብሪካ «ብረቶቻችንን እዩልን» ብሎ እኛን የብረት መዋቅር መሐንዲሶችን ጠራን። ከደሴ ሐረጎን ወርደን በጠዋት ደረስን።

የምናየው ከማድረቂያው ተነስቶ ባግ ፊልተሩ (የአቧራ ማጣሪያው) ድረስ የሚሄደውን ዳክት፣ ማለትም አቧራ ያዘለ አየር የሚያልፍበትን ትልቅ ቱቦ፣ እና የተሸከመውን የብረት ፍሬም ነው። ፍሬሙ 9 ሜትር ከፍታ አለው። ዳክቱ ክብ ነው፤ ወርዱ አንድ ሜትር ተኩል፣ ላሜራው 6 ሚሊ።

ገና ከመግባቴ አንድ ነገር አየሁ። ከታችኞቹ ብሬሶች፣ ማለትም ሰያፍ ደጋፊ ብረቶች፣ አንዱ የለም። ለፎርክሊፍት ማለፊያ ሲባል በኦክስጅን ቆርጠው ጥለውታል። የታሰረበት ፕሌት ብቻ ቀርቷል። መሬት ሲነቃነቅ ፍሬሙን ወደ ጎን የሚይዘው ብሬሱ ነው። በአንድ ጎን ከጎደለ ፍሬሙ መወዛወዙ ብቻ ሳይሆን ይጠማዘዛል። ፎቶ አነሳሁ፣ ለካሁ፣ ደስ አለኝ። ትልቁን ችግር አገኘሁት ብዬ ላፕቶፔን ልዘጋ ስል የጥገናው ፎርማን መጡ።

ዕድሜያቸው ስልሳን ያለፈ፣ ነጭ ቆብ ያደረጉ ሰው ናቸው። ብሬሱን ሲያስቆርጡ «ተዉ» ብለው ሰሚ ያጡት እሳቸው እንደነበሩ በኋላ ሰማሁ።

«ኢንጂነር፣ ለዚህ ቱቦ ስንት ኪሎ ይዘህለታል?» አሉኝ።

«በሜትር 220 ገደማ ጋሼ። ከማሞቂያ ልባሱ ጋር ትንሽ ይጨምራል።»

«ባዶውን ነዋ።»

«አቧራው ከአየሩ ጋር ይሄዳል እኮ ጋሼ። ፍጥነቱ በሰከንድ 18 ሜትር ነው፣ ድሮዊንጉ ላይ አለ።»

ምንም አልመለሱልኝም። መሰላሉን ወጡ፤ ተከተልኳቸው። በመዶሻቸው የዳክቱን አናት መቱ። እንደ ደወል ጮኸ። ሆዱን መቱ። ድም አለ፤ የሞላ ጆንያ እንደመምታት።

«እህስ? ይኼ ቱቦ ባዶ ነው?»

የመለስኩትን ዛሬም ሳስበው ይከነክነኛል። «ጋሼ፣ የኔ ሥራ ብረቱ ነው፤ አቧራው የፕሮሰስ ሰዎች ጉዳይ ነው» አልኳቸው። ከአባቴ የሚበልጡ ሰው ናቸው። አልተቆጡም። «አብሽር» ብለው መዶሻቸውን ኪሳቸው ከተው ወረዱ። መሰላሉ ታች ቆመው ግን አንድ ነገር ጨመሩልኝ። «መብራት ለመቆጠብ የፋኑን ፍጥነት ከቀነሱት ሁለት ዓመት ሆነው። ድሮዊንጉ ይህን አያውቅም።»

የዚያን ሌሊት ሆቴሉ ውስጥ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ፋኑ ከዘገየ አየሩ አቧራውን መሸከም ያቅተዋል፤ አቧራው ታች ይከመራል። ተነስቼ አሰላሁት። አቧራው የዳክቱን ሩብ ቢሞላ በሜትር 0.44 ሜትር ኩብ ይሆናል። የድንጋይ ዱቄት ሳይጠቀጠቅ በሜትር ኩብ 900 ኪሎ ቢመዝን፣ በየሜትሩ 400 ኪሎ ነው። ውስጡ ያለው ከቱቦው ራሱ ሊበልጥ ነው! የመሬት መንቀጥቀጥ ኃይል ደግሞ ክብደትን ተከትሎ ነው የሚመጣው። የከበደ ነገር አብዝቶ ይገፋል። የመሬት መንቀጥቀጥ ግንባታ ኮዳችን፣ በፈረንጆች 2015 የወጣው ኢኤስ ኢኤን 1998፣ በየአካባቢው መሬቱ ምን ያህል እንደሚነቃነቅ ይነግርሃል። ያ ቁጥር የሚባዛበትን ክብደት ግን ወጥተህ ማወቅ ያለብህ አንተ ነህ። እኔ ደግሞ የወሰድኩት ከወረቀት ነበር።

ጠዋት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «የምን ይቅርታ ልጄ» ብለው ሻይ ጋበዙኝ። አባታቸው በ1953ቱ መንቀጥቀጥ ጊዜ ካራቆሬ እንደነበሩ አጫወቱኝ። «አባቴ ቤት ሲሠሩ ጣሪያ አታክብዱ ይሉን ነበር» አሉ። እኔ አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ነገር ነው።

ማሽኑ ሲቆም የፍተሻውን በር አስከፈትን። አቧራው እስከ ጉልበት ይደርሳል። በአዲሱ ክብደት ሳሰላው የተቆረጠው ብሬስ ቢመለስ እንኳ አይበቃም። በቀሩት ብሬሶችና ፍሬሙን ከመሠረቱ በሚያስሩት የቤዝ ፕሌት ቦልቶች ላይ የሚመጣው ኃይል ከአቅማቸው በላይ ሆነ። ቀድሜ በጻፍኩት ሪፖርት ሁሉም ደህና ነበሩ።

ሪፖርቱን እንደገና ጻፍኩት። የአቧራው ክምችት የተገኘው በጥገና ፎርማኑ ጥቆማ ነው የሚል አንድ መስመር አስገባሁ። አለቃዬ ሰረዙት። «ቴክኒካል አይደለም» አሉኝ። ተከራከርኩ፣ አልሆነም። ሪፖርቱ በኔ ስም ወጣ፤ ሥራ አስኪያጁም በስብሰባ ላይ እኔን አመሰገኑ። ፎርማኑ በሩ አጠገብ ቆመው ነበር። ወንበር የሰጣቸው አልነበረም። ያኔ ተነስቼ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም።

ብሬሱ ተመለሰ፤ ፎርክሊፍቱም ሌላ በር ተሠራለት። ዳክቱ ተጠረገ፣ ፍሬሙም ተጠናከረ። ከዚያ ወዲህ ድሮዊንግ ስሠራ የአቧራውን ክብደት በትልቁ እጽፋለሁ። ከመጻፌ በፊት ደግሞ ፋኑ በስንት እንደሚሠራ ሄጄ እጠይቃለሁ።

ለኢድ ደወልኩላቸው። እንኳን አደረስዎ ተባባልን። የፋኑን ፍጥነት ወደ ቦታው መለሱት ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«አልመለሱትም» አሉ። «አብሽር፤ እኔ በየሳምንቱ ወጥቼ እመታዋለሁ።»