ከቅባቱ በፊት ቦታውን እዩ

ፒያሳ ወርቅ ቤት ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። የሰው ጆሮ፣ አንገትና ጣት ሳይ ነው የምውለው። ስለዚህ ችፌን በደንብ አውቃለሁ።

በቀደም አንዲት ወጣት መጣች። የጆሮዋ ጫፍ ቀልቶ ያዣል። "እህቴ፣ ወርቅ አይስማማኝም መሰለኝ" አለችኝ። ያደረገችው ግን ወርቅ ሳይሆን ቅብ ጌጥ ነው። እንዲህ ያለው ጌጥ ውስጡ ብዙ ጊዜ ኒኬል የሚባል ብረት አለበት። ላብ ሲነካው ኒኬሉ እየሟሟ ቆዳ ውስጥ ይገባል። ክፋቱ ደግሞ ሽፍታው ወዲያው አይወጣም፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሁለት ቀን ይቆያል። ሰው ታዲያ ጉትቻውን ትቶ የበላውን ምግብ ይጠረጥራል። ጉትቻው ካልወለቀ ምንም ቢቀቡት አይድንም። ቆዳ አንዴ ኒኬልን ከጠላ ብዙ ጊዜ ዕድሜ ልኩን ነው። እምብርታችሁ ሥር የሚያሳክካችሁ ካላችሁ የቀበቶውን ዘለበትና የጂንሱን ቁልፍ እዩ። ነጭ ወርቅ ላይም አንዳንዴ ኒኬል ይቀላቀላል። ስትገዙ ጠይቁ፤ አትፈሩ።

የእህቴ ልጅ ችፌ ግን ሌላ ነው። የሚወጣበት ክርኑ እጥፋትና ጉልበቱ ጀርባ ላይ ነው። ሐኪሞች አቶፒክ ይሉታል። አስምና አለርጂ ባለበት ቤተሰብ ይበዛል፤ እኛም ቤት አስም አለ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ሲገባ አየሩ ይደርቃል፤ ልጁም ሲያክ ያድራል። እህቴ ለብ ባለ ውሃ ቶሎ አጥባ ታወጣዋለች። በፎጣ ሳትፈትግ ውሃውን ጠቅ ጠቅ አድርጋ፣ ገላው እርጥብ እንዳለ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ትቀባዋለች። ደህና በሆነበት ቀንም አታቋርጥም። ትልቁ መድኃኒት ይኼ ነው። የቆዳ መቆጣትን የሚያበርደውን የስቴሮይድ ቅባት የምትጠቀመው ሲብስበት፣ ሐኪሙ ባዘዘው ልክ ነው። የሰፈር ልጆች "ይጋባል" ተብለው ሲሸሹት አንጀቴ ያራል። ችፌ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም!

አፍንጫ ዳርና ቅንድብ ላይ ከፎረፎር ጋር የሚመጣው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሴቦሪክ የሚባለው ነው። ለሱ ኬቶኮናዞል የሚባል የፈንገስ መድኃኒት ያለበት ሻምፖ ይረዳል። በረኪናና ሳሙና እጃቸውን ለሚያቆስላቸው ጓንት ያስፈልጋል፤ ከጎማው ሥር የጥጥ ቢሆን ይመረጣል።

የሚያስቆጨኝ፣ ለዚህ ሁሉ አንድ ቱቦ ቅባት መሸጡ ነው። እኛ ሰፈር አንድ መድኃኒት ቤት ቁስሉን እንኳ ሳያዩ ክሎቤታሶል ይሰጣሉ። ከዚያ ጎረቤት ለጎረቤት ይዋዋሰዋል። ይህ በጣም ጠንካራ ስቴሮይድ ነው። ፊት ላይ ሲቆይ ቆዳ ያሳሳል። ጭርት ላይ ከተቀባ ደግሞ መቅላቱን ለጊዜው ይደብቀዋል እንጂ ፈንገሱ ሥር ሥሩን ይስፋፋል።

ቢጫ ቅርፊት ከሠራ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ካመጣ ቤት አትቀመጡ፤ ቶሎ ታከሙ። የቆዳ ሐኪም ጋ ስትሄዱም የምትቀቡትን ቅባት፣ ሳሙናችሁን፣ የጠረጠራችሁትን ጌጥ ጭምር በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ።