አሮጌውን ማሴ ፈር ያስያዝሁበት ሚያዝያ

አባቴ የተወልኝ ትራክተር ማሴ ፈርጉሰን 135 ነው፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 መመረት የጀመረው ዓይነት። የእኛው ለብዙ ዓመታት ተጎታች ከመሳብ በቀር ሥራ አልነበረውም። ባለፈው ሚያዝያ የበልጉ ዝናብ የአርሲን መሬት ሲያለሰልሰው፣ ያገለገለ ባለሁለት ክንፍ አፈር ገልባጭ ማረሻ ገዝቼ ልገጥምለት ተነሣሁ። በአካባቢያችን የተለመደው የዲስክ ማረሻ ነው። እኔ ገልባጩን የመረጥሁት ስንዴዬን ስለወረረው ሣር ነው። በበሬ የሚጎተተው ማረሻ አፈሩን በድግሩ ግራና ቀኝ ይሰነጥቀዋል እንጂ አይገለብጠውም። እኔ የፈለግሁት ሣሩን ከነሥሩ የሚቀብርልኝ ነበር።

መጀመሪያ የገጠመኝ ዝገት ነው። ያልተሟሸ ምጣድ እንጀራ እንደሚይዝ ሁሉ፣ የዛገ ክንፍም አፈር ይይዛል፤ አፈሩ ተንሸራቶ በመገልበጥ ፈንታ ተለጥፎ ይቀራል። በሽቦ ብሩሽ ፋቅሁት፤ ከዚያም በእርጥብ አሸዋና በጡብ ስብርባሪ አንድ ሙሉ ቀን አሸሁት። ሲመሽ መዳፌን ባሳልፍበት ምንም አልያዘኝም። ሌሊቱን ዳግም እንዳይዝግ ግራሶ ቀባሁት። ለዚህ ሥራ የጠፋ ቀን አይቆጨኝም።

በማግስቱ ግቢ ውስጥ ልክ ማስያዝ ጀመርሁ። በእርሻ ላይ የቀኝ ጎማ በተቆፈረው ትልም ውስጥ፣ የግራው ያልታረሰው ላይ ይሄዳል። ስለዚህ ትራክተሩ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ይህን ለማስመሰል 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ሳንቃ ደርቤ የግራውን ጎማ አወጣሁበት፤ የማረስ አሳቤም ያን ያህል ጥልቀት ነበር። ከዚያ በቀኙ የታችኛ ክንድ ላይ ያለውን እጀታ እያዞርሁ የማረሻውን አካል ከመሬቱ ጋር አስተካከልሁ።

ማሳ ስገባ ግን ነገሩ ተበላሸ። የኋላው ክንፍ አፈሩን አሳምሮ ገለበጠ፤ የፊተኛው የቆረጠው ግን ወፍሮ፣ ሣሩን ወደ ሰማይ እንዳንጋጠጠ በግማሽ ቆሞ ቀረ። ጥፋቱን የላይኛው ማያያዣ ክንድ ላይ ጣልሁ። ክንዱ ሲያጥር የማረሻው አፍንጫ ወደ ታች ይደፋል፤ ሲረዝም ጫፉ ቀና ብሎ መሬት አልገባም ይላል። ሁለት ቀን ሙሉ ሳሳጥርና ሳስረዝም ዋልሁ። ጥልቀቱ ተለዋወጠ፤ የፊተኛው ትልም ግን ያው ነው።

በሦስተኛው ቀን በወጣትነታቸው ትራክተር ይነዱ የነበሩ ጎረቤቴ መጡ። ትልሙን በእግራቸው ተከትለው ሄዱና፣ «ልጄ፣ እስኪ ሜትር አምጣ» አሉኝ። ለካን፤ ፊተኛው 40፣ ኋላኛው 30 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ። «ማረሻህን አትነካካው። ጎማህ ነው የራቀው።»

እውነት ነበር። የፊተኛው ክንፍ የሚቆርጠው ስፋት የሚለካው ከትልሙ ግድግዳ ነው፤ ግድግዳውን ታኮ የሚሄደው ደግሞ የቀኝ ጎማ ነው። ጎማው ወደ ውጭ ከወጣ ክንፉ ከድርሻው በላይ ይቆርጣል። የ135 የኋላ ጎማዎች እርቀት ከ48 እስከ 76 ኢንች፣ በ4 ኢንች ልዩነት ይቀያየራል። የእኔ 60 ላይ ነበር። ትራክተሩን በክሪክ አንሥተን፣ ግንድ ደግፈን፣ ቡሎኖቹን ፈትተን ወደ 52 አመጣነው፤ በየጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው፣ ልክ የተረፈችው። ዝገት የያዛቸው ሁለት ዳዶዎች ግማሽ ቀን በሉብን። የፊት ጎማዎቹንም አብረን አጠበብናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሜትር ባወጣ ኖሮ ሁለት ቀን ዝናብ ያራሰው መሬት አያመልጠኝም ነበር። አሁን በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እለውጣለሁ፤ ሃያ እርምጃ አርሼ እወርዳለሁ፤ እለካለሁ። ሌላም ያስተማሩኝ አለ፦ የሃይድሮሊኩን እጀታ ቁመት በሚይዘው ሳይሆን ጉልበት በሚለካው በኩል ማረስ። አፈሩ ሲጠነክር ማረሻው የላይኛውን ክንድ ወደፊት ይገፋል፤ ክንዱ ስፕሪንጉን ይጫናል፤ ሃይድሮሊኩም ማረሻውን ጥቂት ከፍ ያደርገዋል። ያን ጊዜ የኋላ ጎማው መንሸራተቱን ይተዋል።

ከሰዓት በኋላ እንደገና ገባሁ። ሁለቱም ትልሞች 30፣ 30 ሆኑ። ጥቁሩ አፈር አንዱ በአንዱ ትከሻ ላይ እየተደገፈ ተኛ፤ ሣሩም አንድ ጭራ ሳይቀር ከሥር ገባ። ጎረቤቴ ከዳር ቆመው፣ ትልሙ እስኪያልቅ ድረስ ዓይናቸውን አልነቀሉም።