ለአራት መቶ ሜትር ጣርማ በርን መሻገር

ኅዳር ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ቅዳሜ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከኮምቦልቻ ተነሣን። የምንሄደው በማግሥቱ እሑድ ደብረ ብርሃን ላይ በሚደረገው የአራት መቶ ሜትር የመኪና ሽቅድድም ለመሰለፍ ነበር። አራት ነን፦ ሞተሩን የሚያበጁት ጋሼ፣ መኪናዋን የሚነዳው ታናሽ ወንድሜ፣ ጎሚስታ ቤት የሚሠራ ወጣት ጓደኛችን፣ እና ሰዓት ይዤ በደብተር የምመዘግበው እኔ። የምንወዳደርባትም፣ የምንጓዝባትም፣ ዕቃ የጫንባትም ላዳ አንዲቷ ናት። መኪናዋን በአይሱዙ ጭኖ ለማድረስ የተጠየቅነው ገንዘብ የሦስት ወር ቁጠባችንን ይጨርስ ስለነበር፣ ክሪኩን፣ የመፍቻ ሳጥኑን፣ ሁለት ትርፍ ጎማና ብርድ ልብሶቻችንን ከኋላ አጭቀን ተጠጋግተን ተቀመጥን።

ይህ ዓይነቱ ውድድር ለብዙ ሰው እንግዳ ስለሆነ ባጭሩ ልግለጸው። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ከቆሙበት ይነሣሉ፤ ኩርባ የለም፣ ዙር የለም፤ መስመሩን ቀድሞ ያለፈ ያሸንፋል። በትውልድ አገሩ በአሜሪካ የተለመደው ርቀት ሩብ ማይል፣ ማለትም 402 ሜትር ነው፤ ውድድሩን ከጎዳና አውጥቶ ሥርዓት ያስያዘው የሆት ሮድ ማኅበርም የተመሠረተው በ1951 እ.ኤ.አ. ነው። ለተመልካች ሃያ ሰከንድ ያህል የሚቆይ ነገር ነው፤ ለእኛ ግን ከሥራ ሰዓት በኋላ በፋኖስ የተሠራ የብዙ ወራት ድካም በእነዚያ ሃያ ሰከንዶች ውስጥ ይመዘናል።

ላዳን የመረጥነው ርካሽ ስለሆነች ብቻ አይደለም። የጣሊያኑን ፊያት 124 መሠረት አድርጋ የተሠራች፣ የኋላ እግሯ የሚገፋ መኪና ናት፤ ከቆመችበት ስትነሣ ክብደቷ ወደ ኋላ ስለሚያዘነብል የሚገፉት ጎማዎች አስፋልቱን አጥብቀው ይይዛሉ። የእኛይቱ 1,600 ሲሲ ሞተር ያላት ሲሆን፣ ከፋብሪካ ስትወጣ ጉልበቷ 75 ፈረስ ገደማ ነበር። ቤንዚንን ከአየር የሚያደባልቀውን የካርቡራቶሯን እያንዳንዱን ብሎን ጋሼ በጨለማ ዳስሰው ያውቁታል።

ከሚሴን በጨለማ አለፍን፤ ካራ ቆሬ ላይ ነጋልን፤ በአጣዬ በኩል አድርገን ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ፀሐይዋ መክረር ጀምራለች። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ቆላ ነው፤ ኮምቦልቻ ደግሞ ከ1,800 ሜትር ጥቂት ከፍ ይላል። ሞተራችን ቆላ መውረዱ ተስማማው፤ ሜዳው ላይ ድምፁ ሞላ፣ ወንድሜም መሪው ላይ በጣቱ ዜማ እየመታ ነዳ። ሻይ ጠጥተን፣ ራዲያተሩ ላይ ውኃ ጨምረን፣ ሳንቆይ ወጣን።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ነው። አርማኒያን አልፈን ወደ ደብረ ሲና ስንወጣ ወንድሜ ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ፣ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ወረደ፤ ቤንዚኑን እስከ ወለሉ ቢረግጠውም መኪናዋ የምትጨምረው ነገር አልነበራትም። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሻጮቹ መስኮታችንን ሲከቡት፣ ከተቆላው ገብስ ይልቅ አፍንጫዬን የመታው ያልተቃጠለ ቤንዚን ሽታ ነበር። ጋሼ ወርደው ከመኪናዋ ኋላ ቁጢጥ አሉና በጨርቅ የጠቀለሉትን ጣታቸውን በማርሚታው አፍ ውስጥ አዙረው አወጡት። ጨርቁ እንደ ምጣድ ቂጥ ጠቁሯል።

«ቤንዚኑ በዝቶባታል፣ ልጄ» አሉኝ። «አየሩ ነው እያነሰባት የመጣው።»

ጣርማ በር ላይ ወደ ዋሻው ከመግባታችን በፊት ጭጋግ ዋጠን። ጣሊያኖች በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስቆፈሩት ይህ ዋሻ ርዝመቱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ከፍታውም ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከፊታችን አንድ ተሳቢ ያዘግም ስለነበር ዋሻው ውስጥ ማርሹን አውጥተን ስንጠብቅ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ጠፋብን። በሁለተኛው ጊዜ ሞተሪኖው እየጮኸ አልነሣ ሲል፣ ከኋላችን ያሉት መኪኖች መብራት የወንድሜን ፊት በመስታወቱ ውስጥ አበራው፤ ከንፈሩን ነክሷል። ጋሼ እጃቸውን ትከሻው ላይ አድርገው «ረግጠህ ያዘው፤ አትልቀቀው፤ ትርፉን ቤንዚን ትትፋው» አሉት። ተነሣች። ከዋሻው ወጥተን በጉዶ በረት በኩል ደብረ ብርሃን እስክንገባ ማንም ብዙ አልተናገረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተር ቤንዚንን የሚያቃጥለው በአየር ነው፤ ካርቡራቶር ደግሞ የገባውን አየር በክብደቱ ሳይሆን በፍሰቱ ነው የሚያውቀው። በባሕር ጠለል ላይ 1,013 ሚሊባር የሆነው የአየር ግፊት 2,800 ሜትር ላይ ወደ 720 ይወርዳል። አየሩ ሲሳሳ የሚቀዳው ቤንዚን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ስለዚህ ጉልበት ከማነሱ በላይ ድብልቁ ቤንዚን በዝቶበት፣ እሳት የሚጭረውን ካንዴላ በጥላሸት ይሸፍነዋል። መካኒኮች በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ይጠፋል ብለው ያስላሉ። በዚህ ስሌት ከኮምቦልቻ ደብረ ብርሃን ስንደርስ አንድ አሥረኛ ገደማ አጥተናል፤ ከባሕር ጠለል ከተቆጠረ ደግሞ ከሩብ በላይ። በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ አጠገብ ከ1958 እስከ 2023 እ.ኤ.አ. ድረስ ይሠራ የነበረው ባንዲሜር የሚባል የመሽቀዳደሚያ ሜዳ 1,770 ሜትር ገደማ ላይ ስለነበር፣ ወደዚያ የሚሄዱ ቡድኖች ሞተራቸውን እንደ አዲስ ያስተካክሉ ነበር። ደብረ ብርሃን ከዚያ ሜዳ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። የሩብ ማይል ሽቅድድምን ከተራራ ጋር አያይዞ የሚያስብ ሰው እኛ ዘንድ ብዙ አለመኖሩ ያስቆጨኛል፤ ከፍታን እንደ እኛ አገር ሰው ማን ያውቃል?

ጋሼ ይህን አስቀድመው ስላወቁ፣ ቤንዚኑን የምትመጥነውን ትንሿን የነሐስ ጂግለር ለመለወጥ ተዘጋጅተው ነበር። ለሁለተኛው የካርቡራቶር ጉሮሮ ኮምቦልቻ ላይ የምንጠቀመው 145 ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ የቀዳዳው ስፋት በሚሊሜትር መቶኛ ነው። ለደብረ ብርሃን 140 የተጻፈባት ከአንድ ሱቅ ተገዝታ በክብሪት ሳጥን ውስጥ ተቀምጣለች። ማታ ገጥመናት መኪናዋን በከተማው ዳር አስሮጥናትና ካንዴላውን ፈታን። ጥላሸቱ ብሶበታል።

ያን ሌሊት አልረሳውም። የመኝታ ክፍሏ ውስጥ ያለችው አምፖል ደካማ ስለነበረች የእጅ ባትሪ ጨመርን። ጋሼ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ አምጥተው ጂግለሯን በጎማ ቱቦ ከጫፉ ጋር አያያዟትና 20 ሚሊ ሊትር ውኃ ሞሉበት፤ እኔ ሰዓቴን ይዤ ውኃው እስኪያልቅ ቆጠርኩ። የድሮዋ 145 በ17 ሰከንድ አለቀች። አዲሷ 140 ጠባብ ከሆነች ከዚያ በላይ መቆየት ነበረባት፤ በ15 ሰከንድ አለቀች። ሦስት ጊዜ ደገምነው፤ ያው ነው። አንድ ሰው ቀድሞ በመሰርሰሪያ አስፍቷት ኖሮ በላይዋ የተጻፈው ቁጥር ውሸት ሆኗል። የሸጠልን ሰው ያውቅ እንደሆነ አላውቅም፤ ነገር ግን በዚያች ቁጥር ተማምነን ብንሰለፍ ኖሮ መንገዳችን ሁሉ ከንቱ ይቀር ነበር።

ጋሼ አልተቆጡም። ጂግለሯን በፒንሳ ይዘው በስታኞ ደፈኗት፤ ከዚያም ከብዕር በማይወፍር እጀታ ላይ በታሠረች ቀጭን መሰርሰሪያ፣ በሁለት ጣት እያሽከረከሩ፣ ቀዳዳዋን እንደገና ከፈቱ። የስታኞ ብናኝ ነጭ ወረቀት ላይ እንደ ዱቄት ይወርዳል። በየጥቂቱ እየቆሙ ወደ ሲሪንጁ ይመለሳሉ፤ እኔ እቆጥራለሁ። 24 ሰከንድ። 21። 19 ከግማሽ። «ይብቃ?» ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁና ሁለት ጊዜ ብቻ አዞሩ። 18 ከሩብ። እንደ ስሌቴ ከ145 ወደ 140 ስንወርድ መድረስ የነበረብን እዚያው ነው። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሆኖ ነበር። የቤቱ ባለቤት እትዬ «ልጆቼ፣ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል» ብለው ለሞተሩ መሸፈኛ የመንዝ ባና አበደሩን፤ ኮፋኖው ላይ አለበስናት።

ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ነበር። ጎማ ቤት የሚሠራው ጓደኛችን የኋላ ጎማዎቹን ንፋስ ከ28 ወደ 20 ፒኤስአይ አወረደ፤ ጎማው ሲለሰልስ መሬቱን የሚነካው አካሉ ይሰፋል። የኋላ ወንበሩን፣ ትርፍ ጎማዎቹን፣ ክሪኩንና የመፍቻ ሳጥኑን አውጥተን በረንዳው ላይ ደረደርናቸው። አዘጋጆቹ ውርጩ እስኪለቅ ብለው መነሻውን አራት ሰዓት ላይ አደረጉት። እዚህ ላይ ሐሳቤ ለሁለት ተከፍሎ ነበር፦ በ5 ዲግሪና በ20 ዲግሪ መካከል አየሩ 5 በመቶ ያህል ስለሚሳሳ ማለዳው ለሞተሩ ይሻል ነበር፤ ለጎማው ግን የቀዘቀዘ እርጥብ አስፋልት ምንም አይሰጠውም። አዘጋጆቹ ትክክል ነበሩ።

ለዕለቱ በተዘጋው ቀጥ ያለ መንገድ ዳር ጋቢ የለበሰው ሰው ተደርድሯል። ፈረሳቸውን በልጓም የያዙ አንድ አዛውንት ወደ ጋሼ ቀርበው የመኪናዋ ጉልበት ስንት ፈረስ እንደሆነ ጠየቁ። ጋሼ በትውልዷ 75 እንደሆነች፣ እዚህ ከፍታ ላይ ግን 55 እንኳን እንደማትሞላ ነገሯቸው።

«እውነት ነው» አሉ አዛውንቱ፣ የፈረሳቸውን አንገት እየዳበሱ። «ከቆላ የመጣ ፈረስም እዚህ ሲደርስ እስኪለምድ ድረስ ትንፋሽ ያጥረዋል። ጊዜ ስጡት እንጂ አትምቱት።»

ወንድሜ ይህን ሰምቶ ነበር መሰለኝ፣ ሲነሣ ቤንዚኑን በአንድ ጊዜ አልደፈቀውም። ዕጣ ከደብረ ብርሃን ከመጣ ኮሮላ ዲኤክስ ጋር አገናኘን። ባንዲራው ሲወርድ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ፣ ግን ሳያመነታ ለቀቀው፤ የኋላ ጎማዎቹ አንድ ጊዜ ብቻ ጮኹና ያዙ። ዲኤክሱ ብዙ ሜትር እየተንሸራተተ ሲቀር፣ እኛ ሁለተኛ ማርሽ ገብተን ነበር። ከመስመሩ ማዶ ሰዓቴን ሳቆም 20.9 ሰከንድ አለ። ከማርሚታው ጭስ አልታየም።

በሁለተኛው ዙር ከአዲስ አበባ የመጣች ስታርሌት ደረሰችን። የእርሷ ሞተር ቤንዚን የሚረጨው በኮምፒውተር ነው፤ የአየሩን ግፊት በሴንሰር እያነበበ መጠኑን ራሱ ያስተካክላል፤ ሌሊቱን ሙሉ በሲሪንጅና በስታኞ የደከምንበትን እርሷ በቅጽበት ትሠራዋለች። እስከ ሦስት መቶ ሜትር እኩል ሄዱ። ከዚያ በኋላ ቀላሏ ስታርሌት ቀስ በቀስ ወጣችና በግማሽ መኪና ቀደመችን። የእኛ ሰዓት 20.7 ነበር።

ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ ሲመጣ ደብተሬን ከፍቼ አሳየሁት። ኮምቦልቻ ላይ ያስመዘገብነው ምርጥ ሰዓት 20.1 ነው። በእንዲህ ያለ ሽቅድድም ጊዜ የሚለወጠው በጉልበቱ ልክ ሳይሆን በኩብ ሥሩ ነው፤ አንድ አሥረኛ ጉልበት ቢጠፋ ሰዓቱ የሚረዝመው 3 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ቅዳሜ ማታ፣ ጂግለሯ ከመስተካከሏ በፊት፣ በእርሳስ የጻፍኩት ግምት 20.7 ይላል። ከ20.1 የዘገየነው የተራራው ድርሻ ነበር፤ እርሱን ደግሞ በዚህ ሞተር ማንም አይመልሰውም። ጋሼ ደብተሩን ተቀብለው ሁለቱን ቁጥሮች ደጋግመው አዩአቸው፤ ካንዴላውን ፈትተውም አሳዩን፤ ጫፉ ቡናማ ቆዳ መስሏል፤ ድብልቁ ልክ ነበር ማለት ነው።

ባናውን ለእትዬ መልሰን፣ ዕቃችንን ጭነን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ተነሣን። ጣርማ በርን ስንሻገር ሞተሩ አልጠፋም። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ግን ጋሼ ሜዳውን ሳንጀምር አቁሙ አሉ፤ ወፍራሙ የቆላ አየር ከጠባቧ ጂግለር ጋር ቤንዚን ስለሚያሳንስ፣ እንደዚያ ቢነዳ ቫልቮቹን ያቃጥላል። የማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ኮፋኖውን ከፍተው 145ቷን መለሱ። የፈቷትን አብሰው በክብሪት ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጧትና እርሳሴን ጠየቁኝ። በላይዋ የተቀረጸውን 140 ትተው፣ ሳጥኑ ላይ «ደብረ ብርሃን፣ 18 ከሩብ» ብለው ጻፉ።