ግብ ስለበዛብን የአጥቂ መስመሩን ቀየርኩ

ደብረ ብርሃን ላይ የማሠለጥነውን የወጣቶች ቡድን ስረከብ ያገኘሁት ሰው ሁሉ የሚያነሳብኝ ስለ ተከላካዮቹ ነበር። የኋላ መስመሩ ቶሎ ይበተናል፣ የመሐል ተከላካዮቹ ከዕረፍት በኋላ እግራቸው ይታሰራል፣ ግብ ጠባቂው ይደናገጣል ይሉኛል። እውነትም ግብ ይበዛብን ነበር። እኔ ግን ሥራዬን የጀመርኩት ከፊት ነው። አራቱን ተከላካዮች እንዳሉ ትቼ የአጥቂ መስመሩን እንደ አዲስ ሠራሁት። ከዚያ በኋላ የሚቆጠርብን ግብ እየቀነሰ መጣ። ይህን የሚሰማ ሰው ስለሚገርመው፣ እንዴት እንዳደረግሁትና ምን እንደተማርኩበት ልጻፈው ብያለሁ።

አንድን ቡድን ስመለከት ኳስ የሚነጠቅበትን ቦታ እከታተላለሁ። ከተነጠቀ በኋላ ተጋጣሚው ወደ ግብ ለመድረስ ምን ያህል መንገድ እንደሚቀረው አያለሁ። የእኛ ችግር እዚያ ላይ ፍንትው ብሎ ይታይ ነበር። ተከላካያችን ኳሱን አርቆ ይመታል። አጥቂያችን ፊቱን ወደ ተጋጣሚ ግብ አዙሮ ለሩጫ ተሰናድቶ ይጠብቃል። የተጋጣሚ የመሐል ተከላካይ ቀድሞት ይዘልና በግንባሩ ይገጨዋል፤ ኳሱም ግድግዳ የመታ ይመስል ተመልሶ ይመጣል። የእኛ ልጆች በዚያን ጊዜ ከፍጹም ቅጣት ምት ክልላቸው ገና አልወጡም። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት የመሐል ተከላካያችን «ጋሼ፣ እኛ ኳሱን እናወጣለን፣ እነሱ ይመልሱታል። ትንፋሽ የምንሰበስብበት ጊዜ እንኳ የለንም» አለኝ። ልጁ ስለ ድካም የነገረኝ መስሎት ነበር። የነገረኝ ግን ስለ አጥቂዎቻችን ነው። ፊት ለፊቱ ኳስ ይዞ የሚያቆይ ሰው የሌለው ተከላካይ፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ከ70ኛው ደቂቃ በኋላ ይሳሳታል።

የእኛ አገር ከፍታም ነገሩን ያባብሰዋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ባላነሰ ከፍታ ላይ ነው ያለችው። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር በሩብ ያህል ስለሚሳሳ ኳስን የሚይዘው ነገር ያንሳል፤ የተመታ ኳስ ይረዝማል፣ አቅጣጫውንም እምብዛም አይታጠፍም። ልጆቹ እዚሁ ተወልደው ያደጉ ስለሆኑ ሳንባቸው ለምዶታል፣ ሩጫ አያስፈራቸውም። ስለዚህ ረጅም ኳስ መትቶ መሮጥ ቀላል መንገድ ሆኖ ይታያቸዋል። ኳሱ ግን አጥቂውን አልፎ የተጋጣሚ ግብ ጠባቂ እጅ ይገባል። ለጨዋታ ወደ ሸዋ ሮቢት ስንወርድ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። በጣርማ በር ዋሻ አልፈን፣ ደብረ ሲናን ተሻግረን ከ1,500 ሜትር የማያንስ ቁልቁለት እንወርዳለን። እዚያ አየሩ ወፍራም፣ ፀሐዩም ኃይለኛ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ አጥቂውን አልፎ ይሄድ የነበረው ምት ሸዋ ሮቢት ላይ አጥቂው ጋ ሳይደርስ ይወድቃል፤ የተለመደው ሩጫም በሙቀቱ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይዘልቅም። በረጅም ኳስ የሚኖር ቡድን በደጋውና በቆላው ሁለት ዓይነት ቡድን ይሆናል። ኳስን በእግሩ የሚቀበልና የሚያቆይ አጥቂ ያለው ቡድን ግን የትም ቢሄድ ያው ነው። ዘጠኝ ቁጥራችንን፣ ማለትም የመሐል አጥቂያችንን፣ እንድለውጥ የወሰንኩት በዚህ ምክንያት ነው።

የነበረው ዘጠኝ ቁጥር ፈጣንና ብዙ ግብ የሚያስቆጥር፣ ተመልካቹ ሁሉ የሚወደው ልጅ ነበር። ከቡድኑ አላስወጣሁትም፤ ወደ ግራ መስመር ወሰድኩት። መሐል ላይ ያቆምኩት እስከዚያ ድረስ በአማካይ ስፍራ ተቀያሪ የነበረውን ልጅ ነው። ይህ ልጅ አባቱ ወፍጮ ቤት አላቸው፤ ከትምህርት መልስ ኩንታል ሲያነሳ ስለሚውል ወገቡና ትከሻው ጠንካራ ነው። ፍጥነት የለውም። ነገር ግን ሰው ሲገፋው አይወድቅም፣ ኳስ እግሩ ሥር ሲገባ ደግሞ አይቸኩልም። ከሁሉ በላይ ሰው ያያል።

ተቃውሞው የመጣው ወዲያው ነው። ልምምዳችንን ሳይቀሩ የሚመለከቱ አንድ አባት አሉ። ጠርተውኝ «ልጄ፣ ዘጠኝ ቁጥር የሚሰጠው ግብ ለሚያገባ ነው። እነ መንግሥቱ ወርቁን አላየህም መሰለኝ» አሉኝ። የቀድሞውን የብሔራዊ ቡድን አጥቂ የመንግሥቱን ስም የሚያነሳ ሰው ሲያጋጥመኝ ደስ ይለኛል። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያ ከግብፅ ጋር ስትጫወት ሁለት ጊዜ ከመመራት ተነስታ፣ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ያሸነፈችበትን ቀን በዕድሜ ከገፉ ሰዎች አፍ መስማት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። «አባባ፣ መንግሥቱማ ሁሉንም ነበር» አልኳቸው። «ሁሉንም የሆነ ሰው ባይኖረን ግን ግብ የሚያገባውን ከጎን፣ ኳስ የሚይዘውን ከመሐል ብናደርግስ?» ከዚያም የፈረንሳዩን ኦሊቪዬ ጂሩን ነገርኳቸው። በ2018 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሩሲያ ዓለም ዋንጫ የፈረንሳይ የፊት አጥቂ እርሱ ነበር። በውድድሩ ሙሉ አንድም ግብ አላስቆጠረም፤ ዒላማውን የጠበቀ ምት እንኳ አልነበረውም። ፈረንሳይ ግን ዋንጫውን ወሰደች። እርሱ ተከላካዮችን ተሸክሞ በቆመበት፣ ኳስ ተቀብሎ ባቀበለበት ቦታ ኪሊያን ምባፔና አንቷን ግሪዝማን እያንዳንዳቸው 4 ግብ አገቡ። አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አላመኑኝም። አልፈረድኩባቸውም፤ ይህን ዓይነቱን ሥራ የውጤት ሰሌዳ አይመዘግበውም።

ልምምዱ ላይ ብዙ ጊዜ የወሰደብን ጀርባን ለግብ ሰጥቶ ኳስ መቀበል ነው። ነገሩ ሲታይ ቀላል ይመስላል። አጥቂው ይቆማል፣ ከኋላው ተከላካይ ይጠጋዋል፣ ከ15 ሜትር ገደማ ጠንከር ያለ ኳስ ይላክለታል። የመጀመሪያው ትምህርት ኳሱ ከመላኩ በፊት አንገትን ማዞር ነው፤ በግራ ትከሻ አንድ ጊዜ፣ በቀኝ ትከሻ አንድ ጊዜ። ከዚያ ሰውነቱን ወደ ጎን ያደርጋል። ሙሉ ጀርባውን የሚሰጥ አጥቂ ሲገፋ ወደ ፊት ይደፋል፤ ጎኑን የሰጠ ግን አንዱ እግሩ ምሰሶ ይሆንለታል። ጉልበቱን ዝቅ ያደርጋል፣ ክንዱን ሳይዘረጋ ተከላካዩ የት እንዳለ በክንዱ ያዳምጣል። ክንድ ከተዘረጋ ዳኛው ይነፋበታል። ኳሱን የሚቀበለው ከተከላካዩ በራቀው እግሩ ነው። ይህቺን አንዷን ነገር ለማስለመድ የፈጀብኝ ጊዜ የሌላውን ሁሉ ድምር ያህላል። ልጆች ሁልጊዜ በሚቀናቸው እግር መቀበል ይፈልጋሉና፣ ተከላካዩን አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ እያቆምኩ እግር እንዲቀይሩ አስገደድኳቸው። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ውርጩ ሜዳውን ነጭ አድርጎት ኳሱ እንደ ደረቀ ሲመጣ፣ የወፍጮ ቤቱ ልጅ ሳያጉረመርም ይቀበል ነበር።

ኳስ የያዘ አጥቂ ብቻውን ከቆመ ግን ያስነጥቃል። ስለዚህ ሁለቱን የመስመር አጥቂዎች ከጠርዝ ወደ ውስጥ አስገባኋቸው፤ ከዘጠኝ ቁጥሩ ከ10 እስከ 12 ሜትር በላይ እንዳይርቁ አዘዝኩ። አንደኛው ወደ ኳሱ ሲመጣ ሌላኛው ከተከላካዩ ጀርባ ይሮጣል። ዘጠኙ የተቀበለውን ለአማካዩ ያቀብላል፣ አማካዩ ለሚሮጠው ይልካል። ሦስተኛው ሰው ሁልጊዜ ነፃ ነው፤ ተከላካዮች ዓይናቸው ኳስ ሰጪውና ተቀባዩ ላይ ስለሚቀር። ግራ መስመር የሄደው ፈጣኑ ልጅ መጀመሪያ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ቆሞ በግንባር ከመጋጨት ይልቅ ወደ ባዶ ቦታ እየሮጠ ኳስ ሲያገኝ ግን ከቀድሞው የተሻለ ማስቆጠር ጀመረ።

ሌላው ሥራ ኳስ በተነጠቅን ጊዜ ነው። አጥቂ የመጀመሪያው ተከላካይ ነው የሚለውን ሁሉም አሠልጣኝ ይናገራል፤ መቼ ሩጡ እንደሚላቸው ግን ካልነገራቸው ልጆቹ በከንቱ ይደክማሉ። እኔ የመረጥኩት ጥቂት ምልክቶችን ነው። የተጋጣሚ ተከላካይ ኳስ ሲቀበል ከእግሩ ከራቀበት፣ ፊቱን ወደ ራሱ ግብ ካዞረ፣ ወይም ወደ ግብ ጠባቂው ከመለሰ ሦስቱም አብረው ይነሳሉ። የመጨረሻው ምልክት ጉልበት ያገኘው ከሕጉ ነው። ከ1992 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግብ ጠባቂ የራሱ ተጫዋች ሆን ብሎ በእግሩ ያቀበለውን ኳስ በእጁ መያዝ አይችልም፤ ከያዘ ቀጥተኛ ያልሆነ ቅጣት ምት ይሰጥበታል። በእኛ ደረጃ ያሉ ግብ ጠባቂዎች በእግራቸው የመጫወት ልምምድ እምብዛም የላቸውም፤ ሰው ሲመጣባቸው ወደ ውጭ ይመታሉ ወይም ለአማካያችን ይሰጣሉ። አሯሯጡም ቀጥታ አይደለም። ዘጠኙ በግማሽ ክብ ዞሮ ይሮጣል፤ እንዲህ ሲያደርግ በአንድ ሩጫ ግብ ጠባቂውንም ያስቸኩላል፣ ኳሱ ወደ ተመለሰበት ተከላካይ የሚወስደውንም መንገድ ይዘጋል።

ከጨዋታ ውጪ ሕጉንም አስጠናኋቸው፤ ብዙ አጥቂ ሕጉን በግምት ነው የሚያውቀው። ከመጨረሻው ተጫዋች በፊት ካለው ተከላካይ ጋር እኩል የቆመ አጥቂ ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕጋዊ ነው። ከእጅ ውርወራ፣ ከግብ ምትና ከማዕዘን ምት በቀጥታ የመጣ ኳስ ደግሞ ከጨዋታ ውጪ አያሰኝም። በእጅ ውርወራ ጊዜ ዘጠኛችን ከተከላካዮቹ ኋላ ሄዶ ሲቆም፣ እጃቸውን አንስተው ወደ ረዳት ዳኛው የሚጮኹ ተጋጣሚዎች እስካሁን አሉ። እነሱ ሲጮኹ እኛ እንጫወታለን።

ለውጡን በዓይኔ ያየሁት ሸዋ ሮቢት ላይ ነው። ሙቀቱ ያው፣ ሜዳው አቧራ ነበር። የቀድሞው ቡድን ቢሆን በሁለተኛው አጋማሽ ከራሱ ሜዳ አይወጣም ነበር። በዚያን ቀን ተከላካያችን ኳስ ባወጣ ቁጥር ዘጠኙ ሁለት ተከላካይ ጀርባው ላይ ይዞ ለጥቂት ሰከንድ ያቆየዋል፤ ካልሆነለት ቅጣት ምት ያሰጠናል። በዚያች ጥቂት ሰከንድ የኋላ መስመራችን 20 ሜትር ወደ ፊት ይወጣል፣ ግብ ጠባቂያችን ውኃ ይጎነጫል፣ አማካዮቹ ቦታቸውን ይይዛሉ። 1 ለ 0 አሸነፍን፤ ግቡን ያገባው የግራ መስመሩ ልጅ ነው። ስለ ትንፋሹ የነገረኝ ያ ተከላካይ ወደ መኪናው ስንሄድ «ጋሼ፣ ዛሬ ወደ ፊት ስሮጥ ነው የዋልኩት» አለኝ። ዘጠኙ አንድም ጊዜ ወደ ግብ አልመታም። ለእኔ የሜዳው ምርጥ ተጫዋች እርሱ ነበር፤ ለልጆቹም በመኪና ውስጥ ይህንኑ ነገርኳቸው። እንዲህ ያለውን ተጫዋች አሠልጣኙ በሰው ፊት ካላመሰገነው ማንም አያመሰግነውም። ካልተመሰገነም ቀስ በቀስ ለራሱ መጫወት ይጀምራል።

የአጥቂ መስመር የማይፈታው ነገርም አለ። ከማዕዘን ምት የሚቆጠርብን ግብ አልቀነሰም፤ እርሱ የአቋቋምና የመጋጨት ጉዳይ ስለሆነ ለብቻው መሥራት ነበረብን። በሐምሌና በነሐሴ ሜዳው ጭቃ ሲሆን ደግሞ አጭሩ ቅብብል መንገድ ላይ ይቆማል። ያኔ ኳሱን ከፍ አድርገን ወደ ዘጠኙ ደረት እንልካለን፤ የመስመር አጥቂዎቹም ይበልጥ ይጠጉታል። ጥሩ መስመር እንደ ሜዳው ርቀቱን ያስተካክላል እንጂ ሥራውን አይቀይርም።

አሁን ተጋጣሚዎቻችን ነቅተዋል፤ ዘጠኛችንን ሁለት ሆነው ከፊትና ከኋላ ይይዙታል። ሁለት ሰው አንድ ሰው ላይ ሲውል አንድ ቦታ ክፍት ይሆናል፤ ስለዚህ ከአማካዮቹ አንዱ ወደዚያ ክፍተት ዘግይቶ እንዲገባ እያሠለጠንን ነው። ልጁ ገና ሳይጠሩት ቀድሞ ስለሚሮጥ ጊዜውን አልለመደውም። የወፍጮ ቤቱ ልጅ ደግሞ በቅርቡ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። ተተኪ ፍለጋ የታዳጊዎቹን ልምምድ ቆሜ ሳይ፣ ሰዎች ማን ብዙ እንዳገባ ይጠቁሙኛል። እኔ የምፈልገው ኳስ ሳይመጣለት ትከሻውን አሻግሮ የሚያየውን ልጅ ነው፤ ሁለት አይቻለሁ፣ አንዱ የግራ ተከላካይ ነው።